ከፈለ፣ መለሰ፣ ተካ፣ ካሰ፦ ዕዳ የሚወርድባቸው ቃላት

ሁለት ሰዎች በአንድ ዕዳ ተጣልተው ሽማግሌ ፊት ሲቀመጡ አንዱ «ከፍያለሁ» ይላል፣ ሌላው «አልተከፈለኝም» ይላል። ሁለቱም ሳይዋሹ ሊሆን ይችላል። ተበዳሪው ገንዘቡን ለአበዳሪው ወንድም ሰጥቶ ይሆናል፤ ወይም አበዳሪው የተሰጠውን በወለድ አስቦት ይሆናል፤ ወይም በመካከላቸው ሌላ ሒሳብ ነበረና ብሩ ለዚያ ተይዟል። «ከፈለ» ከአፋችን የማይለይ ግስ ስለሆነ ትርጉሙ ሁልጊዜ አንድ ይመስለናል። ግሱ ብቻውን የሚናገረው ግን ግዴታ ያለበት ሰው ከእጁ አንድ ነገር ማውጣቱን ነው። ለማን ደረሰ፣ በማን ስም፣ ከየትኛው ዕዳ ላይ፣ ምን ያህል ቀረ የሚለውን የሚናገሩት ከግሱ ፊትና ኋላ የሚለጠፉት ትንንሽ ፊደላት ናቸው። ሰው ገንዘቡን የሚያጣው እነሱ ላይ ነው።

የግሱ የጥንት ትርጉም መለየት፣ ለሁለትና ከዚያ በላይ ማድረግ ነው። ሙሴ ባሕር ከፈለ ስንል ገንዘብ የለበትም። ክፍል፣ ክፋይ፣ ክፍለ ጦር፣ ባሕር ዳር ውስጥም ፋሲሎ ክፍለ ከተማ፣ በላይ ዘለቀ ክፍለ ከተማ የምንለው ሁሉ ከዚሁ ሥር የወጣ ነው። ተካፈለ፣ አካፈለ፣ ከፋፈለ ቤተሰቦቹ ናቸው፤ የሒሳብ መምህሩም ተካፋይ፣ አካፋይ፣ ድርሻ እያለ በዚሁ ሥር ያስተምራል። ገንዘብ መክፈልም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ከያዙት ላይ የሌላውን ድርሻ ለይቶ መስጠት ነው። ለዚህ ነው «ከፈለ» ብድርን ብቻ ሳይሆን ደመወዝን፣ ግብርን፣ የቤት ኪራይን፣ የእድርና የእቁብ መዋጮን፣ የባጃጅ ሒሳብን ሁሉ የሚሸከመው። የሚጠይቀው ግዴታ መኖሩን ብቻ ነው። ለለማኝ «ከፈለ» አይባልም፣ «ሰጠ» ነው የሚባለው። ግዴታው የገንዘብ ባይሆንም ግሱ ያገለግላል፤ ዋጋ ከፈለ፣ መስዋዕትነት ከፈለ እንላለን፣ መልካም ለሠራልንም «እግዚአብሔር ዋጋህን ይክፈልህ» ብለን እንመርቃለን።

«መለሰ» ሌላ ነው። መለሰ ለማለት ነገሩ ቀድሞ ከተቀባዩ ዘንድ የመጣ መሆን አለበት። ብድር ይመለሳል፣ ውለታ ይመለሳል፣ የተዋሱት መጥረቢያ ይመለሳል። «አሠሪው ደመወዝ መለሰ» ብንል ግን አይሰማም፤ «ሠራተኛው ደመወዙን መለሰ» ካልን የተቀበለውን መልሶ ሰጠ ማለት ነው። ሱቅ ውስጥ «መልስ» የምንለው ትርፍ ብርም የራሳችን ገንዘብ ስለሆነ ነው። ይህ ልዩነት ገንዘብ ያለበት ቦታ አለ። ቀብድ ተቀብሎ ሽያጩ የፈረሰበት ሰው «እከፍልሃለሁ» ብሎ ቢፈርም አዲስ ዕዳ የገባ ይመስላል፤ «የተቀበልኩትን ቀብድ እመልሳለሁ» ቢል ግን ገንዘቡ ከየትና ለምን እንደመጣ ቃሉ ራሱ ይመሰክርለታል።

ጎጃም ውስጥ መለሰ ከገንዘብ የከበደ ሥራም አለው። «ብድሩን መለሰ» ሲባል ደግ ለሠራለት ደግ ሠራ ማለት ሊሆን ይችላል፤ ቂሙን ተወጣ ማለትም ሊሆን ይችላል። የሚለየው ከፊቱ የተነገረው ወሬ ብቻ ነው። «ደም መለሰ» ግን ሁለት ትርጉም የለውም፣ ለተገደለ ዘመድ ገደለ ማለት ነው። ሽማግሌዎች ገብተው ይህን ሲያስቀሩት ነገሩ «ደም ማድረቅ» ይባላል፤ የሚሰጠውም «ካሳ» ነው። እዚህ ላይ ሦስቱ ግሶች ተራ በተራ ይታያሉ፦ ደም እንዳይመለስ ካሳ ይከፈላል። ካሳ የጠፋውን አይመልስም፤ ሊመለስ ለማይችል ነገር የሚሰጥ ነው። ስለዚህ «ካሰ» የሚገባው ጉዳት በደረሰበት ቦታ ነው፣ ለተራ ብድር «ካስኩት» አይባልም።

በእነዚህ መካከል «ተካ» አለ። አንድ ሰው ከጎረቤቱ የታንኳ መቅዘፊያ ቢዋስ ያንኑ መቅዘፊያ ይመልሳል። ቢጠፋበት ሌላ ይተካል። በመጥፋቱ ምክንያት ባለቤቱ የአንድ ቀን ሥራ ቢቀርበት ደግሞ ይክሳል። ሦስት ግስ፣ ሦስት ግዴታ። «ተዋሰ» እና «ተበደረ» የሚለያዩትም በዚሁ መስመር ነው። የሚዋሱት ራሱ የሚመለስ ነገር ነው፤ የሚበደሩት ግን ጥቅም ላይ ውሎ የሚያልቅና በዓይነቱ የሚመለስ ነው፤ ብር፣ ጤፍ፣ ዘይት። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም ትውስትን ከብድር ለይቶ ያስቀምጣቸዋል።

የእህል ብድር የሚበላሸው በመስፈሪያ ነው። ቁና ከገበያ ገበያ ይለያያል፤ ተቆልሎ የተሰፈረ እና ልክ እስከ አፉ የተሰፈረ ቁናም እኩል አይደለም። ሲበደሩ በተቆለለ ወስደው ሲመልሱ በልኩ የሰጡ ሰዎች «አንድ ቁና ወስጄ አንድ ቁና መለስኩ» ሲሉ ቃላቸው እውነት ነው፣ እህሉ ግን ጎድሏል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ሲወስዱም ሲመልሱም በአንድ ዕቃ መስፈር፣ ወይም በኪሎ መመዘን። ዓይነቱም ይነገር፤ ነጭ ጤፍ ወስዶ ሰርገኛ መመለስ «ጤፍ መለስኩ» ለማለት አያግድም።

ስለ ጉልበት ብድር ብዙ ማለት አያስፈልግም። ወንፈል የገባ ሰው ቀን በቀን ይመልሳል፤ ደቦ የጠራ ግን ግዴታው በዋናነት ማብላትና ማጠጣት ነው። አንዱን በሌላው ቦታ መጥራት መንደር ውስጥ ቅሬታ ያመጣል፣ ምክንያቱም «ወንፈል» ብሎ የጠራ ሰው የእያንዳንዱ መጪ ባለዕዳ ሆኗል።

አሁን ወደ ፊደላቱ። «ከፈለኝ» እና «ከፈለልኝ» መካከል ያለችው አንዲት «ል» ብቻ ናት። «ከፈለኝ» ሲባል ተቀባዩ እኔ ነኝ፣ ገንዘቡ እጄ ገብቷል። «ከፈለልኝ» ሲባል የእኔን ዕዳ ለሌላ ሰው ሰጠልኝ ማለት ነው፤ እኔ ጋ የመጣ ገንዘብ የለም። ሲገለበጥም ያው ነው፦ «ተከፍሎኛል» የአበዳሪ ቃል ነው፣ «ተከፍሎልኛል» የተበዳሪ። አበዳሪ በፈረመበት ወረቀት ላይ «ተከፍሎልኛል» ተብሎ ከተጻፈ ጽሑፉ ማን ለማን እንደከፈለ አደባልቋል፤ ነገ ክርክር ከተነሳ ያቺ ፊደል ትጠየቃለች። «ከፈለበት» ደግሞ ወደ ዕቃው ያመለክታል፤ ቀረጥ የተከፈለበት መኪና እንደምንለው።

ከሁሉም አደናጋሪው «ለ» ነው። «ለወይዘሮ አልማዝ 8,000 ብር ተከፍሏል» የሚል ወረቀት ሁለት ነገር ይላል። ወይዘሮ አልማዝ ገንዘቡን ተቀብለዋል፤ ወይም ሌላ ሰው የእርሳቸውን ዕዳ ለአበዳሪያቸው ከፍሎላቸዋል። በመጀመሪያው ዕዳ ወርዷል። በሁለተኛው ግን ወይዘሮ አልማዝ አበዳሪ ቀየሩ እንጂ ከዕዳ ነፃ ላይሆኑ ይችላሉ፤ በተለይ የከፈለው ዋሳቸው ከሆነ። ዋስ የከፈለ እንደሆነ በአበዳሪው እግር ተተክቶ ባለዕዳውን የመጠየቅ መብት ሕጉ ይሰጠዋል። ስለዚህ ተቀባዩ ላይ «ለ»፣ ባለዕዳው ላይ ደግሞ «ስለ» ወይም «በ… ስም» ብሎ መለየት ይገባል፦ «ስለ ወይዘሮ አልማዝ ዕዳ፣ ዋሳቸው ለአቶ ታደሰ 8,000 ብር ከፈሉ።» እንዲህ ሲጻፍ ማንም ሰው ሁለት ጊዜ አይጠየቅም።

ባለቤት የሌለው «ይከፈላል»ም አደጋ አለው። «ገንዘቡ በስድስት ወር ውስጥ ይከፈላል» ይላል ውሉ፤ ማን ይከፍላል? ሁለት ወንድማማቾች አብረው የተበደሩ እንደሆነ እያንዳንዳቸው ግማሽ ብቻ ያለባቸው ይመስላቸዋል። ሕጉ ግን በሌላ ሁኔታ ካልተስማሙ በቀር አብረው የተበደሩትን በአንድነትና በነጠላ ተጠያቂ ያደርጋቸዋል፤ አበዳሪው ከአንዳቸው ሙሉውን መጠየቅ ይችላል። በአማራ ክልል ይህን በኑሮው የሚያውቀው ብዙ ነው። ዋና መሥሪያ ቤቱ ባሕር ዳር የነበረው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ በኋላ ፀደይ ባንክ የሆነው፣ ለገበሬና ለአነስተኛ ነጋዴ ሲያበድር የቡድን ዋስትናን በሰፊው ይጠቀም ነበር፤ አንዱ አባል ካልከፈለ ሌሎቹ ይከፍሉለታል፣ እንደገና «ል»። በግል ውል ውስጥ ግማሽ ግማሽ ለማለት ከተፈለገ «እያንዳንዳችን ብር 15,000 ብቻ እንከፍላለን» ብሎ በቁጥር መጻፍ ነው። «እንካፈላለን» አይበቃም።

«ተከፋይ» የሚለውን ቃል በግል ውል ውስጥ ባይጠቀሙበት ይሻላል። በሒሳብ ሠራተኛ ቋንቋ ተከፋይ ሒሳብ ማለት እኛ የምንከፍለው ዕዳ ነው፤ ተራ አንባቢ ግን ገንዘብ የሚቀበለው ሰው ይመስለዋል። አበዳሪ፣ ተበዳሪ፣ ዋስ፤ እነዚህ ሦስቱ ሁሉን ይጨርሳሉ። መሥሪያ ቤት ውስጥ ለመስክ የተወሰደ የቅድሚያ ገንዘብም የራሱ ግስ አለው፤ አይከፈልም፣ ይወራረዳል፤ ይኸውም በደረሰኝ የወጣው ተቆጥሮ የተረፈው ብቻ ተመላሽ ይደረጋል ማለት ነው።

ቀጥሎ «ን» እና «ከ»። «ብድሩን ከፍያለሁ» ማለት ጨረስኩ ማለት ነው፤ «ከብድሩ ከፍያለሁ» ማለት ገና አለብኝ ማለት ነው። በንግግር ጊዜ ሰው ሁለቱን አይለይም። በወረቀት ላይ ግን አበዳሪው «ብድሩን ተቀብያለሁ» ብሎ ከፈረመ ቀሪውን ለመጠየቅ ይቸገራል፣ ተበዳሪውም ጨርሶ ሳለ «ከብድሩ ከፍሏል» ከተባለለት ዕዳው ክፍት ሆኖ ይቀራል።

ወለድ ሲገባበት ነገሩ ይጠብቃል። ለምሳሌ አንድ ሰው የካቲት 12 ቀን 30,000 ብር በዓመት 12 በመቶ ወለድ ተበደረ እንበል። የ12 በመቶ ወለድ በግለሰቦች ብድር ላይ የፍትሐ ብሔር ሕጉ የፈቀደው ጣሪያ ነው፤ ወለድ በውሉ ካልተነገረ ደግሞ በብድሩ ጊዜ አይታሰብም። በአራተኛው ወር፣ ሰኔ 12 ቀን፣ 12,000 ብር ይዞ መጣ። እርሱ በልቡ «18,000 ቀረብኝ» ይላል። አበዳሪው ግን እንዲህ ያሰላል፦ የዓመቱ ወለድ 3,600፣ የወሩ 300፣ የአራት ወሩ 1,200 ብር። ከ12,000 ላይ መጀመሪያ 1,200 ለወለድ ይነሳል፤ ከዋናው ዕዳ የሚወርደው 10,800 ብቻ ነው፤ ቀሪው 19,200 ነው። ሕጉም ከአበዳሪው ጋር ነው፤ አበዳሪው ካልፈቀደ በቀር ክፍያ ከዋናው ገንዘብ በፊት ወጪና ወለድን ይሸፍናል። የ1,200 ብር ልዩነት የመጣው ማንም ስላጭበረበረ አይደለም። «ከፈልኩ» ሲባል ከምኑ ላይ እንደተከፈለ ስላልተነገረ ነው። በእያንዳንዱ ክፍያ ላይ ሦስት ቁጥር መጻፍ ያስፈልጋል፦ ለወለድ ስንት፣ ለዋናው ስንት፣ ከዋናው የቀረ ስንት።

ወለድ አገድ ይህንኑ በመሬት ያሳያል። ገበሬው ብር ወስዶ መሬቱን ለአበዳሪው ያሳርሳል፤ ምርቱ የወለዱ ምትክ ነው። አበዳሪው አምስት ዓመት ቢያርስ ከዋናው ዕዳ አንድ ብር አይወርድም። «መሬቴ ከፍሎልኛል» የሚል ሰው በዚህ ውል ተሳስቷል፤ መሬቱ የከፈለው ወለዱን ነው። ምርቱ ዋናውንም እንዲያወርድ ከተፈለገ በየዓመቱ ስንት ብር እንደሚያወርድ አስቀድሞ መወሰን አለበት፣ አለዚያ ስሙ ወለድ አገድ ሆኖ ይቀራል።

በጣና ዳር ደግሞ ዕዳ በዓሣ ሲከፈል የሚመጣ ችግር አለ። ዓሣ አጥማጁ መረብ ለመግዛት ከነጋዴ 9,000 ብር ይወስዳል፣ «በዓሣ እከፍላለሁ» ይላል። በስንት ዋጋ? ቆሮሶ በኪሎ 300 ብር በሚሸጥበት ሳምንት ቢሰጥ 30 ኪሎ ይበቃል፤ በዐቢይ ጾም ፈላጊው በዝቶ 360 ቢገባ 25 ኪሎ ይበቃዋል። ነጋዴው በብድሩ ቀን ዋጋ ይቆጥራል፣ አጥማጁ በርክክቡ ቀን ዋጋ። ልዩነቱ አምስት ኪሎ ዓሣ ነው። ሙሉ ዓሣ ነው ወይስ ፊሌቶ የሚለውም ይነገር፤ ከአንድ ቆሮሶ የሚወጣው ፊሌቶ ከዓሣው ክብደት ከግማሽ በታች ስለሆነ «30 ኪሎ» የሚለው ቁጥር ብቻውን ምንም አይናገርም። በደንብ የተጻፈ ስምምነት እንዲህ ይላል፦ ዕዳው 9,000 ብር ነው፤ የሚረከበው ሙሉ ቆሮሶ በየርክክቡ ቀን በሚሸጥበት ዋጋ ይታሰባል፤ በእያንዳንዱ ርክክብ ኪሎው፣ ዋጋውና ቀሪው በሁለቱም ደብተር ይመዘገባል። ነጋዴው በበኩሉ ያልከፈለው የቀድሞ ዓሣ ካለ ሁለቱን ዕዳ ማቻቻል ይችላሉ፤ ማቻቻላቸውን ግን ይጻፉት።

ክፍያ የሚረጋገጠው በከፋዩ አፍ አይደለም። ወረቀቱን «ደረሰኝ» ያልነው ለዚህ ነው፤ የተቀባዩ ቃል ነው። ተበዳሪው «ከፍያለሁ» ብሎ አሥር ገጽ ቢጽፍ አበዳሪው «ተቀብያለሁ» ብሎ የፈረመባትን አንዲት መስመር አያክልም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ አለዚያም ፍርድ ቤት ፊት በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም በመሐላ ካልሆነ በቀር አይረጋገጥም ይላል። ብዙ ሰው ይህን የሚያውቀው ለማበደር ነው፤ ለመመለስም እንደሚሠራ አያውቅም። ከ500 ብር በላይ ብድር መመለሱም የሚረጋገጠው በዚያው መንገድ ነው። 500 ብር ሕጉ በወጣበት ዘመን ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ቅዳሜ ገበያ አንድ ዙር አያስኬድም። ስለዚህ «ሦስት ሰው እያየ ቆጥሬ ሰጥቼዋለሁ» የሚል ተበዳሪ ምስክሮቹ ሁሉ እውነት ቢናገሩም ሊረታ ይችላል። ባንኮችና የብድር ተቋማት የራሳቸው ደንብ አላቸው።

ጥሩ ደረሰኝ ይህን ይመስላል፦ «እኔ አበዳሪው … በየካቲት 12 ቀን 2017 ዓ.ም. በተጻፈ ውል ለአቶ … ካበደርኳቸው ብር 30,000 (ሠላሳ ሺህ) ላይ ዛሬ ሰኔ 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ብር 12,000 (አሥራ ሁለት ሺህ) ከእርሳቸው ተቀብያለሁ። ከዚህ ውስጥ ብር 1,200 ለወለድ፣ ብር 10,800 ለዋናው ዕዳ ተይዟል። ከዋናው ዕዳ ብር 19,200 (አሥራ ዘጠኝ ሺህ ሁለት መቶ) ይቀራል።» ቁጥሩ በፊደልም የሚጻፈው አንድ ዜሮ ለመጨመር የአንድ ሰከንድ ሥራ ስለሆነ ነው። የመጀመሪያው ውል ቀን የሚጠቀሰው በሁለቱ መካከል ሌላ ብድር ቢኖር እንዳይቀላቀል ነው። አበዳሪው ይፈርማል፣ ሁለት ምስክሮች ይፈርማሉ፣ ሁለት ቅጂ ይዘጋጃል።

ስለ ቀን አንድ ነገር። «በዓመቱ እከፍላለሁ» ከማለት ቀኑን መጻፍ ይሻላል፤ ጳጉሜን ትቆጠራለች አትቆጠርም የሚል ጭቅጭቅ ይቀራል። ባንክ የሚሰጠው ወረቀት በፈረንጆች አቆጣጠር ሊሆን ስለሚችል ከቀኑ አጠገብ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. መኖሩን ማየት ነው።

በባንክ ወይም በቴሌብር የተላከ ገንዘብ ከእጅ በእጅ ይሻላል፣ ምክንያቱም መሄዱ፣ ቀኑና መጠኑ ተመዝግቧል። ለምን እንደሄደ ግን በራሱ አይናገርም። አበዳሪው «ይህ የዓሣው ሒሳብ ነው፣ ብድሬን ገና አልመለሰም» ሊል ይችላል። ሲልኩ የክፍያ ምክንያት በሚለው ቦታ «የየካቲት 12/2017 ብድር፣ ሁለተኛ ክፍያ» ብሎ መሙላት፣ ከዚያም ከአበዳሪው «ደርሶኛል» የሚል መልእክት መጠየቅና አለማጥፋት። ለሚስቱ፣ ለልጁ ወይም ለሱቅ ሠራተኛው ስልክ ላክልኝ ካለም ይህንኑ ራሱ በጽሑፍ ይበል፤ ለሌላ ሰው የተሰጠ ገንዘብ አበዳሪው ካልፈቀደ ወይም ካላመነ ዕዳ አያወርድም።

ዕዳው ሲያልቅ ደረሰኙ ላይ «ብድሩን በሙሉ ተቀብያለሁ፤ ከዚህ ውል የሚቀረኝ የለም» ተብሎ ይጻፋል፤ «ን» የምትገባው እዚህ ነው። ዋናው የብድር ወረቀትም ከአበዳሪው እጅ ይመለሳል፣ መያዣ ካለም አብሮ። በውል የመጣ ዕዳ በመደበኛው ይርጋ፣ ማለትም ሕጉ ለመክሰስ በሚሰጠው የጊዜ ገደብ፣ የሚታገደው በ10 ዓመት ነው፤ ስለዚህ የተከፈለ ዕዳ ወረቀት ሳይመለስ ከቀረ ለረጅም ጊዜ ሊያስጠይቅ ይችላል። አበዳሪው ሊሞት፣ ወረቀቱም ስለ ክፍያው በማያውቁ ወራሾች እጅ ሊገባ ይችላል። አበዳሪው «ወረቀቱ ጠፍቶብኛል» ካለ የመጨረሻውን ብር ከማስረከብ በፊት በሁለት ምስክር ፊት «በየካቲት 12 ቀን 2017 ዓ.ም. የተጻፈው የብር 30,000 ውል ተከፍሎ ያለቀ ነው፤ ወረቀቱ ወደፊት ቢገኝም እኔም ወራሾቼም አንጠይቅበትም» ብሎ ይፈርም፤ ተበዳሪውም ያንን ወረቀት ከደረሰኞቹ ጋር አንድ ላይ አስሮ ያስቀምጥ።